ወንድሜ ቀን ይቅማል፣ ማታ ይጨብሳል፤ አጎቴ ሰኞ ሊቆልፍበት ነው። ምን ትላላችሁ?

የሩቅ እህት (ዓርብ ማታ)

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁና ጻፍኩ።

ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴና ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ናቸው። ወንድሜ ጫት የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። "ለማጥኛ ነው፣ ስመረቅ እተወዋለሁ" ይል ነበር። ተመረቀ፣ ሥራ አጣ፣ መቃሙ የሙሉ ቀን ሥራ ሆነ። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ መቃም፣ በርጫ፤ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ሞቅታ (ምርቃናውን) በመጠጥ መስበር። መጀመሪያ ሁለት ቢራ ነበር። አሁን ቢራም ቀርቶ ሰፈር ካለች አረቄ ቤት ነው የሚያመሸው።

እናቴ ምንም አትነግረኝም። ስደውል "ደህና ነው፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነው" ትላለች። ጉዱን የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት። ቴሌቪዥኑ ተሽጧል። የላክሁት ብርድ ልብስ ሳይቀር ተሽጧል። እኔ ለአስቤዛ የምልከው ብር የሱቅ ዱቤ መዝጊያ ሆኗል።

ባለፈው ጠዋት በቪዲዮ አገኘሁት። እናቴ ቡና ሰጠችው። ስኒውን በአንድ እጁ መያዝ አቃተው፤ በሁለት እጁ ይዞት እንኳን ጀበናው ሥር ያለው ረከቦት ላይ አፈሰሰው። እናቴ ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች፣ እሱ ግን ግንባሩ በላብ ርሷል። "አንድ መለኪያ ካገኘሁ እስተካከላለሁ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን አጎቴ ከገጠር መጥቷል። ሰኞ የኋላውን ክፍል ቆልፎበት ሊያስቀምጠው ነው። "አመል ነው እንጂ በሽታ አይደለም፣ አንድ ሳምንት ቢዘጋበት ይለቀዋል" ይላል። ከዚያ ጸበል ሊወስደው አስቧል። ጫቱን የሚያስተወው ከሆነ እኔም ይሁን ብዬ ዝም ብያለሁ። ግን ሆዴ ፈራ። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

ማታ ፈረቃ

እህቴ አይዞሽ። አጎትሽ ልክ ናቸው። ጎረቤታችን የነበረ ልጅ እንዲሁ ነበር። ወስደው ገጠር አስቀመጡት፣ ጫት በሌለበት አገር። ተኝቶ ተኝቶ ተነሣ፣ አሁን ሱቅ ከፍቷል። የጫት ሱስ ቆራጥ ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ይቆለፍበት።

ሲስተር ጅማ

የማታ ፈረቃን ምክር እባክሽ አትከተዪ። ነርስ ነኝ፣ ሱስ ያለባቸውን ሰዎች በየቀኑ አያለሁ።

እናንተ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው "ጫት፣ ጫት" ይላል። አንቺ ግን ከጻፍሽው ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ጫቱ አይደለም። ጠዋት መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ "አንድ መለኪያ ካገኘሁ" ማለቱ ነው። ይሄ የአልኮል ነው። ወንድምሽ አሁን ሁለት ሱስ አለበት፤ አደገኛው ደግሞ ማንም ያልቆጠረው ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን ላስረዳሽ። ጫት በድንገት ሲቆም ሰውየው ይጫጫነዋል፣ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይበሳጫል፣ ዱካክ ይመጣበታል፣ ሐራራው ያስለቅሰዋል። ከባድ ነው፣ የሚደበር ሰው ስላለም መጠበቅ አለበት። ግን ብዙ ጊዜ ማቆሙ በራሱ አይገድልም። የማታ ፈረቃ ጎረቤት ተኝቶ የተነሣው ለዚህ ነው።

አልኮል ሌላ ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ያንን ለመቋቋም ራሱን እያነቃ ይኖራል። መጠጡ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ያ ንቃት ልጓም ያጣል። ከመጨረሻው መለኪያ ስድስት ሰባት ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስታወክ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፣ ቀኑንና ቦታውን ይስታል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልቡ ይሮጣል። ይሄ ደረጃ ሳይታከም ይገድላል። ይሄንን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አስቢው። አጎትሽ ከውጭ ጩኸት ሲሰማ "ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው" ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ አትቆልፉበት። ሐኪም ሳያየው "ከዛሬ ጀምሮ ጠብታ እንዳትቀምስ" አትበሉት። ይህን ስል ይጠጣ ማለቴ አይደለም፤ ማቆሙ በሐኪም እጅ ይሁን ነው የምለው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለ፣ ቅዱስ ጳውሎስም አለ። ከተንቀጠቀጠ፣ ከቃዠ ወይም ከጣለው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አንድ ነገር እናትሽን ጠይቂልኝ። ከዚህ በፊት ጥሎት ያውቃል?

ወለተ ማርያም

ሲስተር ትምህርትሽን አከብራለሁ። ግን ስለ ጸበል ስትጽፊ ማሾፍ የመሰለ ነገር አየሁበት። የእኔ አባት በጸበል ነው መጠጥ የተዉት። ስንት ሆስፒታል ያቃተው በእንጦጦ ሲድን አይተናል። እምነትን ገለል አድርጎ መድኃኒት ብቻ ማለት ትክክል አይመስለኝም።

ሲስተር ጅማ

ወለተ ማርያም፣ ማሾፍ ከመሰለ ይቅርታ። አልጻፍኩትም፣ አላሰብኩትምም። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ።

ያልኩት ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ያቺ አደገኛ ሳምንት በሐኪም እጅ ትለፍ። ከዚያ ይሂድ፣ ይጠመቅ፣ ይቆይ። እንዲያውም ጸበል ቦታ አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ በርጫ የለም፣ መሸታ ቤት የለም፣ ጓደኛ አይጠራም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። የሱስም እንዲሁ ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

ገብስ ነጋሽ

ሃሃሃ። ወንድ ልጅ ሁለት መለኪያ ቀመሰ ተብሎ ሆስፒታል! አያቶቻችን ጠጅና ጠላ ሲጠጡ ኖረው ዘጠና ዓመት ሞልተው ነው የሞቱት።

ሲስተር ጅማ

አያቶችህ ጠላ የጠጡት ለበዓል፣ ለደቦ፣ ለሰርግ ነው። ያውም እየበሉ። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ነው። በባዶ ሆድ፣ ያውም ጫት የምግብ ፍላጎቱን በዘጋው ሰው ሆድ ውስጥ። በነገራችን ላይ ሁሉም ዘጠና የሞሉ የሚመስልህ ዘጠና ሳይሞሉ የሞቱት አያቶች ስለማይወሩ ነው።

ባርማን

ሲስተር ያለችው ገብቶኛል። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ የማየውን ልጨምር።

የሚጨብስ ደንበኛ ገና ሲገባ ይታወቃል። ማታ አንድ ሰዓት ሲል ይመጣሉ። መንጋጋ ተጨብጦ፣ ዓይን ፈጦ፣ ዝም። ሌላው ሰው ሲጠጣ ያወራል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ። እነዚህ የሚጠጡት ለጨዋታ አይደለም፤ ምርቃናውን ሰብረው ለመተኛት ነው። ፈጠን ፈጠን አድርገው ይገለብጣሉ። አምስት ጂን ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ምርቃናው ስካሩን ስለሚደብቀው ሰውየው አልሰከርኩም ብሎ ነው የሚያስበው። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲነሣ ነው እግሩ የሚከዳው። መኪና ይዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ አምጣ ብትለው ይደባደባል።

በ2011 አዋጅ 1112 ሲወጣ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተነሣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ተከለከለ። ማስታወቂያው እውነትም ጠፋ። ድሮ በዓል ሲመጣ እንቁጣጣሹም ገናውም የቢራ ነበር የሚመስለው፣ አሁን ቀርቷል። ዕድሜውን ግን ማን ይጠይቃል? በሠራሁባቸው ቤቶች መታወቂያ ጠይቅ ያለኝ ባለቤት የለም። አረቄ ቤት ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሐረርጌ ልጅ

እኔ በዚህ ክር ትንሽ ከፍቶኛል። ሁሉ ነገር ተነሥቶ ጫት ላይ ይወድቃል። እኛ አገር ሽማግሌ ይቅማል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይታረቃል፣ ያስታርቃል፣ ከዚያ ሰላቱን ሰግዶ ይተኛል። ጨብሲ የሚባል ነገር አናውቅም። መጠጥ ሐራም ነው። ጨብሲ የከተማ ፈጠራ ነው።

ደግሞ ቤተሰቤ የሚበላው ከጫት ነው። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፣ ዋጋው ሲወድቅ ትራባለህ። ጫት በዓመት ደጋግመህ ትቆርጣለህ። ዛሬ ቆርጠህ ዛሬ ብር ይዘህ ትገባለህ። አወዳይ ገበያ ሌሊት ሄዳችሁ እዩት፤ ያ ሁሉ ሰው ምን ይብላ? በ2013 በጀት ዓመት አገሪቱ ከጫት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። መንግሥት ራሱ ቀረጡን ይቀበላል። ይከልከል የምትሉ ሰዎች መጀመሪያ ለገበሬው ሌላ ነገር አምጡለት።

የግቢ መምህር

የሐረርጌ ልጅ፣ ይከልከል ያለ ሰው በዚህ ክር ላይ አላየሁም። ገበሬውም ጥፋተኛ ነው አልተባለም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። የአያትህ ጫት ሰዓት አለው፣ ቦታ አለው፣ ሽማግሌ አለው። የተማሪዬ ጫት እነዚህ የሉትም። የግቢያችንን አጥር ዙሪያ ብትዞር መጽሐፍ ቤት አንድ ታገኛለህ፣ ጫት ቤት ግን መቁጠር ይደክምሃል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ራሱ ከኋላ ምንጣፍ አንጥፏል። የፈተና ሰሞን አንደኛ ዓመት ተማሪ "ሌሊቱን አጠናሁ" ይላል። ጠዋት ፈተና ላይ ያያቸውን ገጾች ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ጥያቄውን ግን አይመልስም። እንቅልፍ ያላገኘ አንጎል ያጠናውን አይዝም።

ደግሞ ጉዳቱ ጨብሲ ብቻ አይደለም። ሐረር ላይ የተሠራ ጥናት ጫት መቃምና ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ግንኙነት እንዳላቸው አሳይቷል፤ ያውም መጠጥ ብዙ በማይጠጣበት አካባቢ። ቅጠሉ ላይ የሚረጨውን ዲዲቲ ደግሞ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

የሐረርጌ ልጅ

የዲዲቲው እውነት ነው፣ ምን እዋሻለሁ። እኛ ለቤታችን የምንቅመውን ሳንረጭ ለይተን ነው የምንተወው። የልጆቹም ነገር እውነት ነው። ድሮ ጠዋት የሚቅም ሰው ይታዘቡበት ነበር። አሁን ወጣቱ ኢጀባናውን፣ የጠዋት ጫቱን፣ ሳያደርስ ከቤት አይወጣም።

ግን እህታችን ስለ ወንድሟ ነው የጠየቀችው። ወደ እሷ እንመለስ።

አይሱዙ ነጂ

አንድ ነገር ብዬ ልውጣ። ጫት ጭኖ ሌሊት የሚነዳ ሰው ጊዜ ገንዘቡ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ ዋጋ የለውም፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ማነቃቂያ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ እየቃምክ ትነዳለህ። ዓይንህ አይከደንም። ዓይንህ ሳይከደን ግን አንጎልህ ሊተኛ ይችላል፤ መንገዱን እያየኸው አታየውም። ከፊቴ የነበረ ባልደረባዬ ኩርባውን እንዲህ ነው የሳተው። ፍሬን የያዘበት ምልክት አስፋልቱ ላይ አልነበረም። አይሱዙን አልቃይዳ ብላችሁ የምትስቁ ሰዎች ይሄን እወቁልኝ።

አወያይ

"ሱስ የሚያስለቅቅ ዱቄት፣ ሳያውቅ ቡና ውስጥ ጨምሩለት" የሚሉና የቴሌግራም አድራሻ የያዙ መልእክቶች ከዚህ ክር ተነሥተዋል። እንደገና የሚለጥፍ ይታገዳል።

ሲስተር ጅማ

አወያይ እግዜር ይስጥህ። ይሄ ነገር ሰው እየጎዳ ነው። የሚሸጠው ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዶች ደግሞ ዳይሰልፊራም የሚባለውን ትክክለኛ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው በድብቅ ይሰጣሉ። ያ መድኃኒት ያለው ሰው አልኮል ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስታውካል፣ ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሐኪም ሲያዘው ሰውየው አውቆ፣ ተስማምቶ ነው የሚወስደው። ሳያውቅ ወስዶ አረቄ ቤት የሄደ ሰው ሊሞት ይችላል።

የቨርጂኒያው

የሩቅ እህት፣ እኔ እዚህ አሜሪካ ብዙ ዓመት ጠጥቼ ነው ያቆምኩት። ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ ፍርድ ቤት አስገድዶኝ ነው የጀመርኩት፣ በጎ ፈቃዴ አልነበረም። መጀመሪያ ሆስፒታል ተኛሁ። ከዚያ በየሳምንቱ የሚጠጡ የነበሩ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ እሄድ ነበር። ሐበሻ ፈልጌ አጣሁ፤ ሐበሻማ ችግር የለበትም! የእኛ ሰው እዚህም ጫቱን አድርቆ በፖስታ ያስልካል። ካቲኖን በ1993 በፈረንጅ አቆጣጠር በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተራ ገብቷል፤ ስንቱ አባወራ ለአንድ ካርቶን ቅጠል ብሎ ስሙን አበላሸ።

ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ገንዘቡ ማንም አልነገረሽም። እኔን ለዓመታት ያቆየኝ ሚስቴ ለመሥሪያ ቤት "አሞታል" እያለች መደወሏ ነው። ለእናቴም "ሥራ በዝቶበት ነው" ትላለች። ከፍቅር ነው፣ አልወቅሳትም። ግን እኔ ነገ የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ አውቅ ነበር። እናትሽም አሁን እንደዚያ እያደረጉ ነው። በእጅ የሚደርስ ብር ይቁም። ጨክኜ አይደለም።

የሩቅ እህት

የቨርጂኒያው፣ ብሩን ባቆም እናቴ ምን ትበላለች? የስኳር መድኃኒት አለባት። እሱ ሲርበውም ሰጥታው ነው የምትጾመው። እኔ እናቴን አውቃታለሁ።

የቨርጂኒያው

አስቤዛው ይቁም አላልኩም፣ ጥሬ ብሩ ነው። የምታምኛት ጎረቤት አለች ብለሻል፤ ያችው የነገረችሽ ልጅ። ጤፉን፣ ዘይቱን፣ መድኃኒቱን በእሷ በኩል አስገዥ። ባለሱቁን ደግሞ ራስሽ ደውይለትና "ከዛሬ በኋላ በእናቴ ስም ሲጋራና አረቄ የሰጠኸውን አልከፍልም" በይው። ይናደዳል፤ ይናደድ።

ጎህ

እኔ የጠጪ ልጅ ነኝ። ሌላ ነገር የለኝም። እናትየዋን "ደበቅሽ" እያላችሁ ስትወቅሷት ከበደኝ። አባቴ ሰክሮ ሲመጣ እናቴ በሩን የምትከፍትለት ወዳ አይደለም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ካልከፈተች በሩ ይሰበራል፣ ከከፈተች እሷ ትመታለች። እኛ ልጆቹ ጫማችንን አድርገን ነበር የምንተኛው፣ ለመሮጥ እንዲመች። የመጠጥ ጉዳት ጉበት ብቻ አይምሰላችሁ። የሩቅ እህት፣ እናትሽን ልጅሽ ይመታሻል ወይ ብለሽ ጠይቂያት። ቀስ ብለሽ፣ እሱ በሌለበት።

የግቢ መምህር

ጎህ ያለችው መሠረታዊ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2019 አልኮል 2.6 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ሌሎች ዕፆች ደግሞ 600 ሺህ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ ናቸው። ብዙ ሰው ሱስ ሲባል ሐሺሽና ኮኬይን ነው የሚያስበው። የሚበልጠውን ሰው የሚገድለው ግን በግልጽ የሚሸጠው ነው። ያም ሆኖ ጫማ አድርገው የሚተኙት ልጆች ከዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

የሩቅ እህት (እሑድ ማታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ እረፍቴ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ዋልኩ።

ሲስተር፣ የጠየቅሽኝን ጠየቅኋት። መጀመሪያ "ኧረ በጭራሽ" አለች። ዝም አልኳት። ትንሽ ቆይታ ለቅሶ ጀመረች። ለጥምቀት ብር አጥቶ ሁለት ቀን ሳይጠጣ ቀርቶ ነበር አሉ። ማታ ላይ ወድቆ አረፋ ደፈቀ። ክብሪት አሽትተውት ነቃ። "ለካፊ ነው" ተባለ። ለእኔ ያልነገረችኝ ሥራ ላይ እንዳልጨነቅ ነው። ይመታሻል ወይ ስላት "አይ፣ እሱ ገር ነው" አለች። ይህን ግን አምኛታለሁ፤ የጎረቤቷም ልጅ እንዲሁ ነው ያለችኝ።

አጎቴ ዘንድ ስደውል ተቆጣኝ። "ዱባይ ተቀምጠሽ እኔን ታስተምሪኛለሽ?" አለኝ። ሲስተር የጻፈችውን ቃል በቃል አነበብኩለት። አረፋ የደፈቀው መጠጥ ባጣ ጊዜ መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "እና ሐኪሙ ምን ያህል ይጠይቃል?" አለ። ይሄን ሲል ተንፈስ አልኩ፤ አጎቴ ዋጋ ከጠየቀ ተስማምቷል ማለት ነው።

ነገ ይወስዱታል። ምን ይዘው ይሂዱ?

ሲስተር ጅማ

በጣም ጥሩ። ከዚህ በፊት መጣሉን የመጀመሪያ ነገር አድርገው ለሐኪሙ ይንገሩ፣ እንዳይደብቁ። በቀን ስንት መለኪያ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣ፣ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወይም ሌላ ክኒን የሚወስድ ከሆነም ይንገሩ። የሚበላው ስንት ጊዜ እንደሆነም። ብዙ የሚጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። ያ ካለቀ ዓይኑ ይንሸዋረራል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ይረሳል፤ ካልተደረሰበት መርሳቱ ላይመለስ ይችላል። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 ይሰጠው እንደሆነ ይጠይቁ። ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ መጠየቁ ግን አይጎዳም።

መንገድ ላይ የሚሸኘው አጎትሽ ብቻ አይሁን በያቸው። የሚያምነው ጓደኛ ይጨመር። የማይቅም ጓደኛ ካለው።

ባርማን

የማይቅም ጓደኛ ስትይ ሳቄ መጣ ሲስተር። ከየት ይምጣ?

የሩቅ እህት (ሐሙስ)

ይዘውት ሄዱ። ሰኞ ካርድ ለማውጣት ወረፋው አሰቃያቸው። ሰባት ሰዓት ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አጎቴ ጮኸና ወደ ድንገተኛ አስገቡት። አስተኙት። ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ሰጡት፣ ቢ1 በመርፌ ሰጡት። ማክሰኞ ሌሊት ግድግዳው ላይ ጉንዳን አያለሁ ብሎ ሲያራግፍ አደረ። አጎቴ አጠገቡ ነበር። ዛሬ ደወለልኝና "ልጄ፣ እሱን የኋላ ክፍል ቆልፌበት ቢሆን ኖሮ" ብሎ ቀረ። ዛሬ ወንድሜ ሾርባ ጠጥቷል። ዓይኑ ጠርቷል፣ በቪዲዮ አየሁት። አፈረብኝ።

የጉበት ምርመራው ጥሩ አይደለም ግን ይመለሳል ብለዋል፣ ካልጠጣ። ለሱስ ክትትል ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውታል። እሱ ግን "መጠጡን እተዋለሁ፣ ጫቱን ግን ቀስ ብዬ" ይላል። ምን ልበለው?

ሲስተር ጅማ

ይሄን ሁሉም ነው የሚሉት። ጫቱ ካለ ማታ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ከሌለ የሚያስተኛ ነገር ይፈለጋል። ያ ነገር ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ በመለኪያ ይሸጣል። አሁን አትከራከሪው። በቀጠሮው ላይ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ "ማታ ላይ ምንድን ነው የምታደርገው?" ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱን ራሱ ይስማው። የምትችሉ ከሆነ ጸበሉ አሁን ነው ጊዜው። የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ይዞ ይሂድ።

ወለተ ማርያም

ቦታ ለማግኘት ካስቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የሚያግዙ ሰዎች አውቃለሁ። መድኃኒቱን የሚከለክል ቦታ አልልክሽም።

የሐረርጌ ልጅ

ከጸበል ሲመለስ ያው ሰፈር፣ ያው ሥራ አጥነት ነው የሚጠብቀው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በምን ተመርቆ ነው?

የሩቅ እህት

በአካውንቲንግ። አጎቴ ገጠር የወፍጮ ቤት አለው፣ ሒሳብ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ለጊዜው እዚያ ይሁን ብለናል። ደመወዙን በእጁ አይሰጠውም፣ በዚህ ተስማምተዋል።

አሁን የጨነቀኝ ጓደኞቹ ናቸው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን በር ያንኳኳሉ አሉ። እናቴ ደግሞ ሰው መመለስ አትችልበትም። ግቡ ብላ ቡና ታፈላላቸዋለች። ምን ትበላቸው?

ባርማን

"ገጠር ሄዷል፣ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም" ትበላቸው። እውነትም ስለሆነ አይከብዳትም። ቡናውን ግን አታፍላ፤ ቡና ካገኙ ነገም ይመጣሉ።